በቁልቁለቱ ላይ የተነጠፈ ሣር

ከመሐል ሜዳ ወደ ራቤል ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ወደ አጋም በር የሚታጠፈው አዲሱ መንገድ፣ ሜዳውን ጨርሶ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ስፍራው «ከበቅሎ ውረድ» ይባላል። በቀድሞው ዘመን ባላባትም ሆነ ካህን፣ ሙሽራም ሆነ ዳኛ፣ እዚህ ሲደርስ ከኮርቻው ወርዶ ልጓሙን እየሳበ በእግሩ ይሄድ ነበር። በዳገት በቅሎን የሚያደክማት ሸክሟ ነው፤ በቁልቁለት ግን ያው ሸክም ይገድላታል ይሉ ነበር የአገሩ ሽማግሌዎች።

ወዳጆ ከባድ መኪናውን ከነተሳቢው አፋፉ ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ጥቅምት ሊወጣ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ሌሊት የጣለው ውርጭ ገና እየቀለጠ ነው፤ ከሸለቆው የሚነሣው ጉምም የማለዳውን ፀሐይ አደብዝዟታል። መኪናው የጣራ ቆርቆሮና የብረት አግዳሚ፣ ተሳቢው ደግሞ ሲሚንቶ ተጭነዋል። ሁሉም የአጋም በር ሚካኤል ንብረት ነው። የደብሩ ሰዎች ለዓመታት ገብስና በግ እየሸጡ ያጠራቀሙት፣ ለኅዳር ሚካኤል ያረጀውን የሣር ክዳን ሊለውጡበት የተመኙት ጣራ ነው። ወዳጆ የዚያ ደብር ልጅ ነበረና ያለ ዋጋ ሊያደርስላቸው ቃል ገብቶ፣ መኪናውን ከባለንብረቱ ለምኖ መጣ።

ረዳቱ አንዷለም ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ እየመታ ዞረ። አንዷለም የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከኤርትራ በእግሩ የተመለሰ፣ ከወዳጆ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። ቁልቁለት በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ካቢና ውስጥ አይቀመጥም፤ ከእንጨት የተጠረበውን ታኮ በትከሻው ተሸክሞ፣ አስፈላጊ ሲሆን ጎማ ሥር ሊወሽቀው ከተሳቢው ጎን በእግሩ ይወርዳል።

«እንዴት አየኸው?» አለው ወዳጆ።

«መንገድ ነው ካሉኝ መንገድ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን የፍየል መውረጃ ነው።»

ወዳጆ ወደ ካቢናው ዞረ። «የኔታ፣ ተሳቢውን እዚህ ብንፈታውስ? መጀመሪያ ቆርቆሮውን አድርሰን እንመለስና ሲሚንቶውን በሁለተኛው ዙር እንወስደዋለን።»

ካቢናው ውስጥ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የተቀመጡት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ወዳጆን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ዕቃውን ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አጅበውታል።

«ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ እንኳ ሳይገባ ሊቀበለን ተቀጣጥረናል» አሉ። «ነጭ ለብሶ መንገድ ላይ ቆሟል። አንተ ግማሹን ይዘህ ልትገባ? የሚካኤል ንብረት ተቆርሶ አይገባም፤ እንደ ወጣ ይግባ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይውረዱና ከአንዷለም ጋር ቀስ ብለው ይምጡ። ስሙም ከበቅሎ ውረድ ነው።»

«በቅሎ ላይ አይደለሁም» አሉ መሪጌታ ፈገግ ብለው። «ከዕቃውም አልለይም።»

ወዳጆ መንገዱን ደግሞ አየው። በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ ሳይግል፣ ሊወረድ ይችላል። የመጣበትም ጉዳይ ነገሩን ለማጓተት አላስቻለውም። አባቱ ሲሞቱ እሱ የአሰብን በረሃ እያቋረጠ ነበር፤ መርዶው የደረሰው ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ አበዛሽ የምትባል አልቃሽ በእናቱ ፊት ቆማ እንዲህ ብላ ነበር፦

«አሥር እግር ካለው ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣
አባቱን ለመቅበር አልደረሰም ሮጦ።»

ግጥሟ ከለቅሶው ቤት ወጥታ በገበያም በወፍጮ ቤትም ተባለች። እናቱ አያልነሽ ከዚያ ወዲህ በማኅበር ላይ ከኋላ የሚቀመጡ፣ ሰው ሲስቅ በእሳቸው የሳቀ የሚመስላቸው ሴት ሆኑ። ለወዳጆ ይህ ጉዞ ጣራ ብቻ ማድረስ አልነበረም፤ እናቱ እንደገና ከፊት እንዲቀመጡ ማድረጊያ ነበር።

«እሺ፣ የኔታ» አለ።

መሪውን ጨብጦ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ገና ደልዳላው ላይ ሳለ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ይህን ልማድ ያስያዘው የመጀመሪያ አለቃው ነው፤ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለው ነበር። ሸክም ከኋላ መግፋት ከጀመረ ወዲያ ማርሽ ልቀንስ የሚል ሾፌር፣ ከአንዱ ማርሽ ያወጣዋል እንጂ ወደ ሌላው ሊያስገባው አይችልም፤ ያኔ በእጁ የሚቀረው መሪና ጸሎት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያጓራ ዘንድ ተወው፤ ጎማውን ይዞ የሚያስቀረውም ያ ጩኸት ነበር። እግሩን ፍሬኑ ላይ አያሳርፍም። ፍጥነቱ ከወሰነው ልክ ሲያልፍ አጥብቆ ይረግጥና፣ መኪናው ሲሰክን ፈጽሞ ይለቀዋል። እግሩን እያሳረፈ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳያውቀው አቃጥሎ ይጨርሳል፤ በሚፈልገው ጊዜ ሲረግጠው አመድ ይረግጣል።

«ይህ መኪና ታሟል?» አሉ መሪጌታ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ።

«የለም የኔታ፣ እየጾመ ነው።»

«ሽማግሌ በከዘራ ይቀድመናል እኮ! እዚያ ታች ሲያዩን ምን ይላሉ?»

«ይቀድመን፣ ምን ቸገረን። ተሳቢ ማለት ከኋላ ሆኖ የሚገፋ ዕውር ሰው ነው። እኔ ጠመዝማዛውን አያለሁ፤ እሱ ግን አያይም። እኔ ስቆም እሱ መቆሜን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ለእኔም ለእሱም ማሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ነገሩ ገብቷቸው እንደሁ አልታወቀም፤ ብቻ «አቤቱ፣ እኔን ለመርዳት ፍጠን» ብለው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። በቀኝ በኩል ግድግዳ የሚመስለው ዐለት መስተዋቱን ሊነካ እየታከከ ያልፋል፤ በግራ ግን ጉም ብቻ ነበር። መንገዱን የአጋም በር ሰዎች በዘመቻ በዶማና በአካፋ ስለ ሠሩት ስፋቱ የድካማቸውን ያህል ነበር፤ በየጠመዝማዛው ወደ ገደሉ ዘንበል ይላል።

አጋማሹ ላይ ካለው ጠባብ ደልዳላ ሲደርሱ ወዳጆ አቆመ። አንዷለም ታኮውን ወሽቆ እጁን ወደ ጎማው እንብርት አስጠጋ።

«ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም» አለ። «ደኅና አርገህ ይዘኸዋል።» ቀጥሎም አንገቱን ቀና አደረገ። «ስማ፣ ከበሮ ነው።»

እውነትም ከበሮው ከጉሙ ሥር ደብዝዞ ይሰማል፤ እልልታው ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል። መሪጌታ ከደስታ ብዛት በመስኮቱ ወጡ ማለት ይቻላል። ጉሙ በነፋስ ተገፍቶ ለአፍታ ሲገለጥ፣ ታች የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ በሁለት ረድፍ የቆመ ነጭ ልብስ ታየ። በሁለቱ ነጭ መስመሮች መካከል ያለው መንገድ ግን የአፈር መልክ አልነበረውም። አረንጓዴ ነበር።

«የኔታ፣ ያ ምንድን ነው?»

«አየኸው?» አሉ መሪጌታ። «እስክትደርስ ልደብቅህ ብዬ ነበር። ጉዝጓዝ ነው። ታቦት የሚወርድበት መንገድ እንደሚጎዘጎዝ፣ ለታቦቱ ጣራም ይጎዝጎዝ አልን። ሣሩን የሰጠች እናትህ ናት። ክልክሌን አሳጭዳለሁ፣ አንድ ሰበዝ እንኳ አላስቀርም አለች። 'ልጄ የሚመጣበት መንገድ ነው' ብላ።»

ወዳጆ ወደ አረንጓዴው አተኩሮ አየ። ክልክሉን ያውቀዋል። ከቤታቸው ጓሮ ያለው፣ ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ከብት የማይገባበት፣ የበጋውን ድርቆሽ የሚሰጠው መስክ ነው። ያ ሣር ከሌለ ላሚቱ እስከ ሚያዝያ ምን እንደምትበላ አያውቅም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዓይኑ ላይ የነበረው የሣሩ ቀለም ነበር፤ ጤዛ የጠጣ፣ የተኛ፣ ቁልቁል የተበጠረ አረንጓዴ።

የቀረውን መንገድ በአንደኛ ማርሽ ወረደው። ሣሩ ከሚጀምርበት ጥቂት ቀደም ብሎ አቆመ፤ አንዷለምም ታኮ ብቻ አልበቃው ብሎ ትልልቅ ድንጋይ ከየጎማው ፊት ደረደረ። ወዳጆ ሲወርድ እልልታው ቀለጠ። ወደ ሣሩ ሄዶ ተንበረከከና እጁን ከተተበት። እስከ ክንዱ አጋማሽ ገባ። ሥሩ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የጠጣውን ውኃ አልጨረሰም። ጨብጦ ሲያወጣው ጣቶቹ መካከል አሟለጨው። ሕዝቡ ግን ልጁ ለአገሩ ምድር የሰገደ መሰለው። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንድ እናቶችም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እማማ አያልነሽ ከረድፉ ፊት፣ በገደሉ በኩል ቆመው ነበር። ታጥቦ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሰዋል። መጥተው አንገቱን አቀፉት።

«እንኳን መጣህ» አሉት በጆሮው። «እንኳን በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየህ መጣህ።»

ወዳጆ የእናቱ ትከሻ ምን ያህል እንደ ሳሳ በክንዱ ለካ። የሚናገረውን ቃል ማዘግየት በወደደ ነበር፤ ግን ከኋላው ያ ሁሉ ሸክም ተንጠልጥሎ ቆሟል።

«እማዬ፣ ይህ ሣር መነሣት አለበት።»

«ምን አልከኝ?»

«ጎማው ይንሸራተታል። መኪናውን የያዝኩት በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ የያዘው ጎማውን ነው፤ ጎማው ደግሞ መሬቱን ካልያዘ ተሳቢው እኔን ገፍቶ መንገዱ ላይ ያጋድመኛል። እናንተ ግራና ቀኝ ቆማችኋል።»

በአጠገባቸው ያሉት ሰምተው ዝም አሉ፤ ዝምታውም ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ከበሮው ድረስ ሄደና ከበሮው ቆመ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጌጡ ሰው እየገፋ መጣ። ከወዳጆ ጋር አብረው በግ ጠብቀዋል፤ ዛሬ ስለ ልማትና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ሊናገር ኮት ለብሷል።

«አንተ ሰው፣ እኔ ንግግር ሸምድጄ እንዳይጠፋብኝ አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ፤ አንተ ሣር ትመረምራለህ?» አለ እየሳቀ።

«ጌጡ፣ ሣሩን አስነሣልኝ።»

«ሣር የሚፈራ ሾፌር!» አለች አበዛሽ ከሴቶቹ መካከል። «በሬ እንኳ ሣር አይፈራም!»

ሰዉ ሳቀ። ወዳጆም ሳቁን ላለማክረር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በሬ ከኋላው የሚገፋው የለም፣ እት አበዛሽ።»

«በየጥምቀቱ ታቦት ያልፍበታል» አለ ጌጡ። «ካህናቱ ታቦት ተሸክመው ያልፉበታል። ማን ተንሸራተተ? አንድ ሰው ጥራልኝ።»

«ታቦት ተሳቢ የለውም!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነበር ምን እንዳለ የገባው። ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የጌጡ ፊትም ሳቁን ተወ።

«ከታቦት ጋር መኪናህን ታወዳድራለህ?»

«አላልሁም። በእግዜር፣ አላልሁም። እንግዲያው ሣሩ እንደ ተነጠፈ ይቆይ፤ ሰዉ ብቻ ከመንገዱ ይውጣልኝ። ሁላችሁም ከዐለቱ በላይ ውጡ፤ እኔ ብቻዬን ልለፍበት። ከተንሸራተተም እኔ ልንሸራተት።»

«ከገደል ላይ ሆኖ እንግዳ የሚቀበል ጭላዳ ዝንጀሮ ነው» አለ ጌጡ። «እኛ ሰዎች ነን። ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ አጭደው፣ ተሸክመው አንጥፈዋል። አባትህን ስንቀብር መንገዱ ርቆህ ቀረህ፤ ዛሬ ደግሞ ደጃችን ደርሰህ ሣር ያዘኝ ትላለህ?»

ይህን ሲሰማ ወዳጆ እናቱን አላየም። ማየት አልቻለም። ወደ መሪጌታ ዞረ፤ እሳቸው ቢያዙ ሁሉም እንደሚታዘዝ ያውቃል።

«የኔታ፣ ስንወርድ እንዴት እንደ ያዝኩት አይተዋል። ይንገሩልኝ።»

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ በእኛ አገር የተነጠፈ ጉዝጓዝ ሳይረገጥ የሚነሣው መርዶ ሲገባ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ። ቤተ ክርስቲያን በመርዶ ምልክት ጣራዋን ትቀበል ብዬ እኔ አላዝም። አልከለክልምም። ሣሩ የእናትህ ነው።»

እንዲህ ብለው ነገሩን ከራሳቸው አወረዱ። ወዳጆ በሕዝቡ መካከል ቆሞ የቀረውን ተናገረ፤ ድምፁ ከፍ አላለም።

«ካልተነሣ አልወርድም። ዕቃውን ከዚሁ አራግፌ እመለሳለሁ። በሸክም ትወስዱታላችሁ።»

«ይመለስ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ዱሮስ መቼ ደርሶ ያውቃል?»

 እማማ አያልነሽ የልጃቸውን እጅ እያዩ ነበር። ሣሩን የጨበጠው እጅ ገና አልተፈታም፤ ከጣቶቹ መካከል አረንጓዴው ውኃ ይንጠባጠባል። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡ።

«እኔ ያነጠፍኩትን እኔ ላንሣው» አሉ።

ጎንበስ ብለው በሁለት ክንዳቸው የታቀፉትን ሣር ወደ ዐለቱ ሥር ጣሉት። ተመልሰው ደግሞ አቀፉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወዳጆ ሊያግዛቸው ሲጎነበስ «ተው» አሉት፤ ቀና ሳይሉ። አንዷለም ግን ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ በአካፋ ይገፋ ጀመር። ቆይተው ሁለት ሦስት ሴቶች፣ እሳቸውን ብቻቸውን ማየት ስለ ከበዳቸው እንጂ ስላመኑ አይደለም፣ እያለቀሱ ገቡ። እንደ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ከለቅሶው ጋር የጤዛ ሣር ሲጎተት የሚያሰማው ሹክሹክታ ይሰማል። ቀዩ አፈር እንደ ቁስል እየተገለጠ ሄደ።

መንገዱ ሲጸዳ ወዳጆ ወደ ካቢናው ወጣ። መሪጌታ በእግራቸው መሄድን መረጡ። ድንጋዮቹ ተነሡ፤ ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው በአንደኛ ማርሽ፣ እግሩ ፍሬኑን እየረገጠ እየለቀቀ፣ በሁለት ነጭ ረድፍ መካከል ወረደ። እልልታ የለም። ከበሮ የለም። ሰዎቹ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ መሬት ያያሉ። ጠመዝማዛው ላይ ተሳቢው ሲገፋው ተሰማው፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን አፈሩን ነክሰው ያዙ። ምንም አልሆነም። ተሳቢው ተከትሎ ዞረ፤ መንገዱ ደልደል አለ፤ የሚካኤል ዋርካም ታየ።

ማራገፉ እስከ ከሰዓት ቆየ። ሰዉ ቆርቆሮውን በጥንቃቄ፣ ሲሚንቶውን በጥድፊያ አወረደ፤ ደስታውን ግን አንድ ቦታ የጣለው ይመስል ነበር። ጌጡ የሸመደደውን ንግግር ሳይናገር ቀረ። መሪጌታ አጭር ጸሎት አድርሰው «የደከመውን ሁሉ ዋጋውን አያሳጣው» አሉ፤ የማንንም ስም አልጠሩም።

«አንድ ሰው ብትገድል ኖሮ» አለ አንዷለም የሲሚንቶውን ብናኝ ከፀጉሩ እያራገፈ፣ «ሁሉም እውነትህን ነው ይሉህ ነበር። ሳትገድል ስለቀረህ ውሸታም ሆንህ። አንድ ሻምበል አውቃለሁ፣ ጦሩን ፈንጂ ያለበት ሜዳ አላስገባም ብሎ...» ቀሪውን ሳይጨርስ ተወው።

እናቱ በደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመንገዱ የተነሣውን ሣር በእንስራ ገመድ እያሰሩ አስመጥተውት ጓሮ ተከምሯል። ጭቃ ለውሶታል። ላሚቱ አንገቷን አስግጋ አሸተተችውና ፊቷን መለሰች። ወዳጆ ከእናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። 

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ እማማ አያልነሽ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ሚካኤልን ይዘህ። ይንሸራተት ነበር?»

ወዳጆ አዎ ለማለት አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ቢሰጣቸው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚደገፉባት ምርኩዝ ትሆናቸው ነበር። በሚካኤል ስም ግን ተጠይቋል።

«አላውቅም፣ እማዬ። ምናልባት ይንሸራተት ነበር። ምናልባት ደግሞ ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር።»

«ለምናልባት ነው ይህን ያደረግኸኝ?»

«ለምናልባት ነው። አንቺ የቆምሽው በገደሉ በኩል ነበር።»

እናቱ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ።

«እዚያ ያቆሙኝ እነሱ ናቸው» አሉ። «ከኋላ ቆሜ ሳለሁ መጥተው ወደ ፊት ወሰዱኝ። 'ዛሬ ቀንሽ ነው፣ ልጅሽን ከፊት ሆነሽ ተቀበይ' ብለው። ከአባትህ ሞት ወዲህ ከፊት ያቆሙኝ ዛሬ ነበር።»

 ወዳጆ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም በልማድ ራሱን ዳበሱት፤ «በሰላም ግባ» አሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣበትን ጊዜ ግን አልጠየቁትም።

መኪናው ባዶውን ሲወጣ ፀሐይ ጉሙን አንሥታ ነበር። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ጌጡና ጥቂት ሰዎች ዐለቱን ተደግፈው ቆመዋል። ከእነሱ ፊት፣ ሴቶቹ በለቅሶ መካከል ሳያነሡት የቀሩት ሣር ከመንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ ፀሐይ ደብድባው ገርጥቷል። ወዳጆ አየው። ባዶ ተሳቢ ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው፤ ሣሩም ደርቋል። ጎማዎቹ አንዱ ከሌላው በኋላ ረግጠውት አለፉ። አንዱም አልተንሸራተተም።

«ይኸው አለፈ!» አለ ጌጡ እጁን ዘርግቶ ለሰዎቹ እያሳየ። «ይኸው! ምን ሆነ?»

አንዷለም ከተሳቢው ላይ ሆኖ ጮኾ መለሰለት፤ ሞተሩ ግን ድምፁን ዋጠው፤ የሰማው የለም።

ወዳጆ መስተዋቱን አየ። እናቱ ከቤታቸው ወጥተው፣ ወደ ጠመዝማዛው በሚያወጣው ቀጭን መንገድ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸውን አንሥተዋል። የሚሰናበቱት ይመስል ነበር፤ ቀረብ አድርጎ ሲመለከት ግን እጃቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ ፀሐዩን ከልለው ጎማዎቹ ያለፉበትን ሣር እያዩ ነበር። መንገዱ ታጠፈና ዐለቱ ጋረዳቸው። ወዳጆ ማርሽ ሳይለውጥ፣ በወረደበት በዚያው ማርሽ፣ ከበቅሎ ውረድን ወጣ።